አሮጌ ስፖርት መኪና ላይ ቱርቦ ስለመግጠም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረተች፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ማዝዳ ኤምኤክስ 5 አለችኝ። ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም፤ እስካሁን 190 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን 116 የፈረስ ጉልበት ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ገጥሜ ወደ 200 ለማድረስ አስቤያለሁ። ከአንድ የናፍጣ ሞተር ላይ የተፈታ፣ በተርባይኑ ዙሪያ ተንቀሳቃሽ ክንፎች ያሉት ቱርቦ በጥሩ ዋጋ አግኝቼ ልገዛው ተቃርቤያለሁ። መካኒኬ የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ለክቶ 12፣ 12.2፣ 11.9 እና 10.1 ባር ካገኘ በኋላ «ለዕድሜዋ ደህና ናት» ብሎኛል። መኪናዋን በየቀኑ ስለምነዳት መንገድ ላይ እንድታስቀረኝ አልፈልግም። ዕቅዴን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ደብዳቤዎ በአብዛኛው ስለ ቱርቦው ቢሆንም እኛን ያስቆመን እንደ ዋዛ የጠቀሷት 10.1 የምትለው ቁጥር ናት። አራተኛው ሲሊንደር ከሁለተኛው በ17 በመቶ ያህል ዝቅ ብሏል። በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት 10 በመቶ ሲያልፍ ምክንያቱን መፈለግ ተገቢ ነው፤ 15 በመቶ ካለፈ ደግሞ ምክንያቱ ሳይታወቅ አንድም ዕቃ መግዛት አይገባም። የመካኒክዎ አባባል ሞተሩ ባለበት ሁኔታ የሚቀጥል ከሆነ ስሕተት የለውም። እርስዎ ግን በዚያው ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት በግማሽ ያህል ለመጨመር ነው የተነሡት።

ስለዚህ መጀመሪያ ልኬቱ ይደገም። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ተፈትተው፣ የነዳጅና የእሳት መስመሩ ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦና ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይለካ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቁጥሩ ያሳስታል። አራተኛው ሲሊንደር አሁንም ዝቅ ካለ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርበትና ወዲያው እንደገና ይለካ። ንባቡ ወደ 12 ባር ከወጣ ዘይቱ የደፈነው ክፍተት በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ቀለበቶች) እና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ነው፤ ይህ ማለት ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩም መከፈት አለበት። ንባቡ ካልተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ወይም ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ጋስኬት ይዞራል። ይህንንም ለመለየት ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁሞ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ማስገባትና የሚያመልጥበትን ቦታ ማዳመጥ በቂ ነው። ድምፁ በማርሚታው በኩል ከተሰማ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ፣ በአየር ማስገቢያው ከተሰማ የአየሩ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከተሰማ ፋሻው፣ በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ አረፋ ከታየ ደግሞ ጋስኬቱ ነው። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በእርስዎ መኪና ላይ ሌላም ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። ከ1989 እስከ 1991 መጀመሪያ ድረስ በተሠሩት ባለ 1.6 ሊትር ሞተሮች ላይ የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የፊት አፍንጫ አጭር ነበር፤ በዚህም ምክንያት ፑሊውን የሚይዘው ብሎን በትክክል ካልጠበቀ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት (ቁልፉ) እና መቀመጫው እየተበላ ይሄዳል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ፑሊውን ከጎን ቢመለከቱት ሲወዛወዝ ይታያል። ጉዳቱ ሲገፋ የታይሚንግ ቤልቱ ጥርስ ከቦታው እየሸሸ መኪናዋ ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ ትደክማለች። የትኛው ዓይነት እንደሆነች ለማወቅ በፑሊው መሃል ያለውን ክፍል ይመልከቱ፤ 4 ክፍተቶች ካሉት አጭር አፍንጫ፣ 8 ካሉት ረጅም ነው። አጭሩ ሆኖ ጤነኛ ከሆነ በአዲስ ብሎንና በትክክለኛ ጥብቀት ይቆያል። የተበላ ከሆነ ግን ቱርቦው ጨርሶ መነሣት የለበትም፤ ቅድሚያው የክራንክ ሻፍቱ ነው።

አሁን ወደ ቱርቦው እንምጣ። ያገኙትን የናፍጣ ቱርቦ አይግዙት። የናፍጣ ሞተር ጭስ ሙቀት በአብዛኛው ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን፣ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት ከ900 አልፎ ወደ 1,000 ይጠጋል። በተለይ ተንቀሳቃሾቹ ክንፎች በዚህ ሙቀት ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ክንፎቹ ተዘግተው ከቀሩ ደግሞ ግፊቱ ያለ ገደብ ይወጣል። ፖርሼ እንኳ ይህን አሠራር በቤንዚን ሞተር ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 911 ቱርቦ ሲሆን፣ ለዚያም ከፍተኛ ሙቀት የሚችሉ ልዩ ብረቶች አስፈልገውታል። ለእርስዎ የሚያስፈልግዎ ለቤንዚን የተሠራ፣ ዌስትጌቱ (ትርፍ ጭሱን አሳልፎ ግፊቱን የሚገድበው በር) ከራሱ ጋር ያለ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ኩሽኔታ ያለው ትንሽ ቱርቦ ነው።

«ትንሽ» ስንል ግን ምን ያህል ትንሽ? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ማድረግ ይጠቅማል። ግፊቱን በ0.5 ባር እንወስን፤ በባሕር ጠለል ላይ ይህ ማለት ሞተሩ ከከባቢው አየር 1.5 እጥፍ የታመቀ አየር ይጎርሳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ አየር ሲታመቅ ይሞቃል። በ25 ዲግሪ የገባ አየር፣ ቱርቦው 70 በመቶ ያህል ብቃት ቢኖረው፣ ወደ 77 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። ይህን አየር ደህና ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) ወደ 41 ዲግሪ ሊመልሰው ይችላል። በዚህ ሙቀት የአየሩ እፍጋት 1.5 እጥፍ መሆኑ ይቀርና 1.42 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ 116 የነበረውም ጉልበት በወረቀት ላይ ወደ 165 ይደርሳል። ከዚያ ላይ የእሳቱ ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ዘግየት በማለቱና ጭሱ ተርባይኑን ለማዞር በሚያጋጥመው መታገድ የሚቀነሰውን ስናስብ ከ155 እስከ 160 መጠበቅ ሐቀኛ ግምት ነው። በ7,000 ዙር ሞተሩ የሚጎርሰው አየር በደቂቃ 8 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሚሆን፣ ቱርቦ ሲመርጡ የአምራቹን የኮምፕሬሰር ካርታ (ቱርቦው በየትኛው የአየር መጠንና ጥምርታ በደንብ እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሥዕል) አውጥተው ይህ መጠንና 1.5 የሚለው ጥምርታ የሚገናኙበት ነጥብ ካርታው መሃል ላይ ማረፉን ያረጋግጡ። ነጥቡ ከግራው ጠርዝ ከተጠጋ ቱርቦው ትልቅ ነው፤ ከቀኙ ከተጠጋ ትንሽ ነው።

ያሰቡት 200 የፈረስ ጉልበት ከ0.9 ባር በላይ ይጠይቃል። የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን «በየቀኑ ስለምነዳት» ካሉት ጋር አይሄድም። በዚያ ግፊት ላይ የፋብሪካው ቢየላዎች (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች) እና ፒስተኖች፣ ካምቢዮውና በተለይም የ1.6ቷ ትንሽ ዲፈረንሻል ሁሉም በአንድ ጊዜ ከአቅማቸው ጫፍ ይደርሳሉ። ማዝዳ ራሱ ወደ 1.8 ሊትር ሲሸጋገር ዲፈረንሻሉን ያተለቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞም የሚሰብረው ብዙውን ጊዜ የፈረስ ጉልበቱ ሳይሆን በዝቅተኛ ዙር ድንገት የሚመጣው ቶርክ (የማዞር ኃይል) ነው። በ3,000 ዙር ላይ ሙሉ ግፊት የሚሰጥ ቱርቦ ሲነዱት ደስ ይላል፤ ቢየላውን ግን ፒስተኑ ቀስ ብሎ በሚሄድበት ሰዓት ነው የሚጫነው። የእኛ ምክር 0.5 ባር ላይ አቁመው፣ ቀሪውን ገንዘብ ነዳጁንና እሳቱን በሚቆጣጠረው ክፍል ላይ እንዲያውሉ ነው።

ይህን ያልነው እንዲህ ያሉ ሞተሮች የሚሞቱት በቱርቦው ሳይሆን በነዳጅ እጥረትና በማንኳኳት (ድብልቁ ያለ ጊዜው በራሱ በመፈንዳቱ) ስለሆነ ነው። የእርስዎ መኪና የሚገባውን አየር የሚለካው አየሩ በሚገፋው ክንፍ ነው። ክንፉ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ተጨማሪ አየር ቢገባም ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ባላወቀው አየር ልክም ቤንዚን አይጨምርም። የፋብሪካው ኢንጀክተሮችም በደቂቃ 210 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚረጩ ሲሆኑ፣ ለ160 የፈረስ ጉልበት ግን፣ ከሥራ ጊዜያቸው 80 በመቶውን ብቻ ክፍት ሆነው እንዲሠሩ ከተፈለገ፣ እያንዳንዳቸው 315 ያህል መርጨት አለባቸው።

ቀድሞ ይህን ችግር በርካሽ ለመፍታት የቱርቦው ግፊት ሲጨምር የነዳጁንም ግፊት አብሮ የሚያሳድግ መቆጣጠሪያ ይገጠም ነበር። ዛሬም የሚሸጡት አሉ። ነገር ግን በኢንጀክተር ውስጥ የሚያልፈው ነዳጅ ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር እንጂ ከግፊቱ ጋር እኩል አያድግም። 1.5 እጥፍ ቤንዚን ለማግኘት 2.25 እጥፍ ግፊት ያስፈልጋል፤ 3 ባር የነበረው ወደ 6.75 ይወጣል ማለት ነው። የ30 ዓመት የነዳጅ ፖምፓና የ30 ዓመት ጎማ ቱቦ ይህን እንዲሸከሙ መጠየቅ፣ ያውም ከጋለ የጭስ ማኒፎልድ አጠገብ፣ እኛ የማንመክረው ነገር ነው። የሚሻለው የመግቢያውን ግፊት በሴንሰር የሚያነብ፣ ነዳጁንም የእሳቱንም ሰዓት የሚመራ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር፣ ከትላልቅ ኢንጀክተሮችና ከአዲስ የነዳጅ ፖምፓ ጋር መግጠም ነው። በጭስ መስመሩ ላይ ሰፊ መጠን የሚያነብ የኦክስጅን ሴንሰር ይጨመርበት፤ የፋብሪካው ሴንሰር 14.7 ለ1 አካባቢ ካለው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ውጭ ብዙም አይናገርም፤ በቱርቦ ግፊት ጊዜ ግን የሚፈለገው ከ11.5 እስከ 12 ለ1 ያለው ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ከተለመደው ይለያል። ኮምፒውተሩ፣ ኢንጀክተሮቹና ሴንሰሩ መጀመሪያ ይገጠሙና መኪናዋ ያለ ቱርቦ ለጥቂት ሳምንታት ትነዳ። በዚህ ጊዜ የሽቦ፣ የሴንሰርና የሚኒሞ ችግሮች ሁሉ ግፊት ሳይኖር ይገለጣሉ። ቱርቦው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ የገጠመ ሰው መኪናው ስታንገራግር ጥፋቱ የሽቦው ይሁን የቱርቦው መለየት ያቅተዋል።

ቱርቦው ሲገጠም ብዙዎች የሚሳሳቱት በዘይት መመለሻው ላይ ነው። ወደ ቱርቦው የሚሄደው ዘይት ቀጭን ቱቦ ይበቃዋል፤ ከግፊት መለኪያው ቀዳዳ ሊወሰድም ይችላል። የሚመለሰው ግን ግፊቱን ጨርሶ አረፋ የቀላቀለ ስለሆነ በራሱ ክብደት ብቻ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቱቦው ከውስጥ ቢያንስ 12፣ የተሻለው ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ መንገዱን ሁሉ ወደ ታች ያዘንብል፤ የትም ቦታ ላይ ሆድ አይኑረው፤ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው የሚገባውም ከዘይቱ ወለል በላይ ይሁን። ዘይቱ መውረጃ ካጣ በቱርቦው ዘንግ በኩል ወደ ጭሱ ያመልጥና ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ ባለቤቱም አዲሱ ቱርቦ እንደተበላሸ አስቦ ሌላ ይገዛል። ማጠራቀሚያውን ሳያወርዱ በቦታው እንዳለ መብሳትም አለ፤ የብረቱ ፍቅፋቂ ወደ ዘይቱ ስለሚገባ አያድርጉት። ወርዶ ይበየድ፣ ታጥቦም ይመለስ።

የጭስ ማኒፎልዱን በተመለከተ ከስስ ቱቦ ከተበየደው ይልቅ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰውን ወፍራም ብረት ይምረጡ፤ መልኩ ባያምርም በቀላሉ አይሰነጠቅም። ዳዶዎቹ በሙቀት እየላሉ ስለሚወጡ መቆለፊያ ይኑራቸው። ካንዴላዎቹ አንድ ደረጃ የቀዘቀዙ ይሁኑ፤ ክፍተታቸውም ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ይጥበብ፤ አለበለዚያ የታመቀው አየር እሳቱን ያጠፋዋል። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ክፍል ከጥቁር ወደ ቡናማ ወይም አረንጓዴማ ከተለወጠ ሊሰነጠቅ ደርሷልና ቱርቦውን አይጠብቅ፤ አሁኑኑ ይቀየር። ፍሪሲዮኑን ለመፈተሽ በአራተኛ ማርሽ በ2,500 ዙር ሙሉ ፔዳል ይርገጡ፤ ፍጥነቱ ሳይጨምር ዙሩ ብቻ ከወጣ አልቋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስተካክሉ ግፊቱ የዌስትጌቱ ስፕሪንግ ከሚሰጠው አይለፍ። ለእያንዳንዱ 0.07 ባር ግፊት የእሳቱን ሰዓት አንድ ዲግሪ ያህል ማዘግየት እንደ መነሻ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚወስነው በመለኪያ ማሽን ላይ የሚታየው ውጤትና ማንኳኳቱን የሚያዳምጥ ጆሮ ነው። ኮምፒውተሩ ከ0.65 ባር ሲያልፍ ነዳጁን እንዲያቋርጥ ይታዘዝ። የዌስትጌቱ ቱቦ አንድ ቀን መውለቁ ስለማይቀር ያን ዕለት ሞተሩን የሚያተርፈው ይህ ትእዛዝ ነው።

ጥያቄ፦ እኔም ተመሳሳይ ሞተር አለኝ። ኮምፕሬሽኑን ዝቅ ለማድረግ ሁለት የቴስታታ ጋስኬት ደራርቤ ብገጥም ከ0.5 ባር በላይ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ ቁጥሩ በእርግጥ ይወርዳል፤ ማንኳኳቱ ግን ይቀንስ ይሆን? የሲሊንደሩ ስፋት 78፣ የፒስተኑ ጉዞ 83.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ጋስኬት ሲጨመር 4.8 ሚሊ ሊትር ያህል ቦታ ይከፈታል፤ 9.4 ለ1 የነበረው የመታመቅ ጥምርታም ወደ 8.6 ይወርዳል። ነገር ግን ፒስተኑ ከፍ ሲል በጠርዙና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ጠባብ ክፍተት ድብልቁን ወደ መሃል እየገፋ ቶሎና እኩል እንዲቃጠል ያደርገዋል። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ግፊያው ይዳከማል፣ ቃጠሎው ይዘገያል፤ ጠርዝ ላይ የተረፈው ድብልቅም በራሱ ጊዜ ለመፈንዳት ዕድል ያገኛል። በዚህ ላይ ቴስታታው ከፍ ስላለ የካም ሻፍቶቹ ሰዓት በጥቂቱ ይዘገያል፤ ሁለት ጋስኬት ደግሞ የሚያፈስበት ገጽ አንድ ይጨምራል።

ዝቅተኛ ኮምፕሬሽን የሚያስፈልግ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ለዚያ የተሠራ ፒስተን ነው። የማዝዳ 323 ቱርቦ የዚሁ የሞተር ቤተሰብ አባል ሲሆን ከፋብሪካ የወጣው በ7.9 ለ1 ነበር። ይሁን እንጂ ዝቅ ማለት የራሱ ዋጋ አለው። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው «2002 ቱርቦ» የተባለ መኪና 6.9 ለ1 ድረስ ወርዶ ከ2 ሊትር ሞተር 170 የፈረስ ጉልበት ቢያወጣም፣ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ መኪናው መድከሙ እስከ ዛሬ ይነሣበታል። በዚያ ዘመን የእሳቱን ሰዓት በየዙሩ የሚያስተካክል ኮምፒውተር ስላልነበረ መሐንዲሶቹ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ እርስዎ ግን አለዎት። በ9.4 ለ1፣ ኦክቴኑ 95 በሆነ ቤንዚንና በደህና ኢንተርኩለር 0.5 ባር ይቻላል። የሚያገኙት ቤንዚን ከ95 በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚቀነሰው ግፊቱ ነው፤ ጋስኬቱን አይንኩት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ነው። መኪናዬ ቆላ ስወርድ ትፈጥናለች፤ ደጋ ስመለስ ትደክማለች። ቱርቦ ይህን ያስተካክልልኛል?

መልስ፦ በከፊል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ስለሆነ ያለ ቱርቦ ከሞተርዎ ጉልበት ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣሉ። ዌስትጌቱ የሚለካው ግን ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። መለኪያዎ ደጋም ቆላም 0.5 ቢያሳይ፣ ደጋ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው ጠቅላላ ግፊት 1.26፣ ቆላ ላይ ደግሞ 1.51 ባር ነው። ደጋ ላይ ሆኖ የቆላውን 1.51 ለማግኘት 0.75 መጨመር ይኖርብዎታል። ይህም ቱርቦውን ከ1.5 ወደ 2 እጥፍ ጥምርታ ያስገባዋል፤ ከኢንተርኩለሩ በፊት ያለው ሙቀት 77 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ በዚያው የ25 ዲግሪ አየር ወደ 118 ይወጣል፤ የተርባይኑም ዙር አብሮ ያሻቅባል። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ከላይ ካልነው በመጠኑ ከፍ ያለ ቱርቦ መምረጥ፣ ግፊቱንም 0.6 ባር ላይ መወሰን ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን አይርሱ። ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ሲገዙ የከባቢውን አየር ግፊት ለብቻው ዘወትር የሚያነብ ሁለተኛ ሴንሰር ያለውን ይምረጡ። አንዳንዶቹ ይህን የሚያነቡት ቁልፉ ሲከፈት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ደጋ ላይ አስነሥተው ሳያጠፉ ቆላ ቢወርዱ ቀኑን ሙሉ በደጋው አየር ልክ ቤንዚን ሲያሰሉ ይውላሉ። ማስተካከያውንም ደጋ ላይ ብቻ አሠርተው አይጨርሱ፤ በዚያው ስፕሪንግ ቆላ ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ስለሚበዛ የነዳጁ ሠንጠረዥ እስከዚያ ድረስ መሞላት አለበት።